ይሉኝታና ብዕር፦ በሐዋሳ ተቀምጦ ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች ከተማ ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች መጽሐፋቸው ለምን እንደ ዘገየ ወይም ለምን እንዳልተሸጠ ሲጠየቁ ቀድመው የሚያነሡት ይህንን ርቀት ነው፤ ማተሚያ ቤቱም፣ አከፋፋዩም፣ ጋዜጠኛውም እዚያ መሆኑን ይናገራሉ። እኔም የመጀመሪያው ልብ ወለዴ ታትሞ አብዛኛው ቅጂ በካርቶን እንደ ታሸገ አልጋዬ ሥር ሲቀር ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ጥዬ ነበር። ነገር ግን በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው ሮም ውስጥ ነው፤ ርቀት ብቻውን መጽሐፍን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ጭራሹን ባልተጀመረ ነበር። ሁለተኛውን መጽሐፌን ጽፌ፣ አሳትሜና ሸጬ ስጨርስ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ስጽፍም፣ ለሰው ሳስነብብም፣ ሳሳትምም፣ የሸጥሁበትን ገንዘብ ስጠይቅም እጄን ይዞኝ የነበረው ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን ከሕይወትዎ ያውጡ አልልም፤ በልቅሶ ቤትም ሆነ በሠርግ ቤት የራሱ ክብር አለው። በጽሕፈት ጠረጴዛና በሒሳብ ደብተር ላይ ግን ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ከእነዚህ ሁለት ስፍራዎች እንዴት ፈቀቅ እንደሚደረግ በራሴ ሥራ የሞከርሁትን አቀርባለሁ።

ሰዓትን ማስከበር

አብዛኞቻችን የምንኖረው በሌላ ሥራ ነው፤ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎች ነን። ስለዚህ የመጽሐፉ ሰዓት ከሌላ ነገር ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ ነው፤ የሚቆረጠውም ወይ ከእንቅልፍ ነው ወይ ከጎረቤት ቡና ላይ ነው። እኔ የምጽፈው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጆቹ ገና አልበዙም፣ ስልክ የሚደውል ሰው የለም፣ የቤቱም ሰው ተኝቷል። ምሽቱንም ሞክሬው ነበር፤ ምሽት ግን የሰው ነው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ማኅበር ይኖራል፣ መብራትም ይጠፋል።

በአንድ ተቀምጦ 300 ቃል መጻፍ ለብዙ ሰው የሚቻል መጠን ነው። በሳምንት አምስት ቀን 300 ቃል የጻፈ ሰው 1,500 ቃል ይኖረዋል፤ በ40 ሳምንት ደግሞ 60,000 ቃል ይደርሳል። አንድ የመጽሐፍ ገጽ 250 ቃል ያህል ቢይዝ ይህ 240 ገጽ ያለው ልብ ወለድ ነው። ከዓመቱ የሚቀሩት 12 ሳምንታት ለበዓል፣ ለሕመም፣ ለፈተና እርማትና ለልቅሶ ይሆናሉ። እነዚህን ሳምንታት አስቀድሞ መተው ጸሐፊውን ከጸጸት ያድናል፤ ብዙ ጅምሮች የሚቀሩት አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው ሁለተኛውን ሳምንት በኀፍረት ስለሚያሳልፈው ነው።

«መንፈሱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከራሴ እንደ ተማርሁት ይህ አነጋገር ሌላ ነገርን ይሸፍናል፤ ጎረቤት «ቡና ደርሷል» ብላ ስትጠራን «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ለመመለስ እናፍራለን። ደመወዝ የማያስገኝ ነገር በብዙ ቤት ሥራ አይባልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለቤተሰብዎ ሰዓቱን በግልጽ ይንገሩ፤ ሲናገሩም «ሥራ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ። ቤተሰብ ሰዓቱን የሚያከብረው እርስዎ ካከበሩት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ለቡና የተነሣ ሰው አራተኛውን ጥሪ እንቢ ሊል አይችልም። ሲያቆሙም የነገውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ያቁሙ፤ በማግስቱ እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ባዶ ገጽ ፊት መቀመጥ አይኖርበትም።

«ይህ ሰው እኔ ነኝ ወይ?»

ሐዋሳ ብትሰፋም ሰው ከሰው ይተዋወቃል። መጽሐፍዎን አስቀድመው የሚያነብቡት አክስትዎ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎና ያስተማሩዎት መምህር ናቸው። ይህንን እያሰበ የሚጽፍ ሰው እጁ ይታሰራል። አባት ሁሉ ደግ ይሆናል፣ እናት ሁሉ ታጋሽ ትሆናለች፤ ጥፋቱም ሁሉ ከሩቅ በመጣና ስሙ በማይታወቅ ሰው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማንንም አያስቀይምም፤ ነገር ግን ከ20ኛው ገጽ በኋላ የሚያነብበው ሰው አይገኝም፤ አንባቢ በመጽሐፍ ውስጥ የሚፈልገው በሳሎን ውስጥ የማይነገረውን ነው።

መፍትሔው ሥራውን በሁለት ዙር መክፈል ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ማንም እንደማያየው ቆጥረው፣ ሰውየውን እንደሚያውቁት አድርገው ይጻፉት። በሁለተኛው ዙር ደግሞ የሰውየውን ሙያ፣ ዕድሜ፣ ሰፈርና የትውልድ ቦታ ይለውጡ፤ ከተቻለም ሁለትና ሦስት ሰዎችን ያዋህዱ። በሁለተኛው መጽሐፌ ውስጥ ያለው ባለጀልባ ቁጣውን የወሰደው ከአንድ ዘመዴ፣ አነጋገሩን ከአንድ የታክሲ ረዳት፣ የጉልበት ሕመሙን ከራሴ ነው። ዘመዴ መጽሐፉን አንብቦ ባለጀልባውን እንደማያውቀው ሰው ሲወቅሰው ሰምቻለሁ፤ በዚያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

እዚህ ላይ ይሉኝታንና ኅሊናን መለየት ያስፈልጋል። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኅሊና ግን «ሰውየውን ምን አደረግሁት?» ይላል። አንድ ሰው እያለቀሰ በምሥጢር የነገረዎትን ነገር ባለታሪኩ በሚታወቅበት መልክ ማሳተም የኅሊና ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወይ ፈቃድ ይጠይቁበት ወይ ይተዉት። የቀረውን ፍርሃት ግን ወደ ጎን ትተው ይጻፉ።

ለጆሮ የሚጻፍ አማርኛ

ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ አወቋቸው። ያ ትረካ የተሳካው በተራኪው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ራሱ ሲነበብ ለጆሮ የሚመች ነበር። የአማርኛ አንባቢ ዛሬም በዝምታ ሲያነብብ ዜማውን ይሰማል፤ የተሰናከለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመውም ምክንያቱን ሳያውቅ መጽሐፉን ያስቀምጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው የእርማት መሣሪያ ድምፅ ነው። አንድ ምዕራፍ ሲጨርሱ ጮክ ብለው እያነበቡ በስልክዎ ይቅዱት፤ በሦስተኛው ቀን በፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዱ ያዳምጡት። ሐሳብዎ ወደ ጀልባዎቹና ወደ አላፊ አግዳሚው የሸሸበትን ቦታ ሁሉ ልብ ይበሉ፤ ደራሲው ራሱ የዘነጋውን ቦታ አንባቢ አይታገሠውም።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሰውየው በሩን «ከፈተው» ይሁን «ቆለፈው» ይሁን አንባቢው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አያውቅም። ሆኖም ሀብቱ ሲባክን ይታያል። «ተነሥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በሩን ሳይቆልፍ ወጥቶ፣ ባጃጅ አስቁሞ፣ ተሳፍሮ፣ አሞራ ገደል ደርሶ ወረደ» የሚለውን ይመልከቱ። ሰውየው መቸኮሉን ለማሳየት ሰንሰለቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የታሪኩ ቁልፍ በሩ ሳይቆለፍ መቅረቱ ከሆነ፣ እርሱ በሰባት ግሦች መካከል ተቀብሯል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱን በጥሰው ለብቻው ያቁሙት፦ «ተነሥቶ ልብሱን ለበሰና ወጣ። በሩን አልቆለፈውም። ባጃጅ አስቁሞ አሞራ ገደል ድረስ ሄደ።» ረጅሙም አጭሩም ዓረፍተ ነገር መልካም ነው፤ ዋናው ጉዳይ የከበደው ነገር ማሰሪያውን ማግኘቱ ነው።

ሌላው ሀብታችን የአጠራር ደረጃ ነው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና በአንዳንድ ቤት «አንቱ» የሚሉት ቃላት ሌላ ቋንቋ በአንድ ገጽ የሚያስረዳውን በአንድ ፊደል ይናገራሉ። ዐሥር ዓመት አብራው የኖረች ሚስት አንድ ቀን ማታ ባሏን «እራትዎ ቀርቧል» ካለችው፣ ተራኪው «ተቀይማ ነበር» ብሎ መጨመር አያስፈልገውም። ምራት አማቷን «እማማ» ማለት የተወችበት ቀን፣ አለቃ ታናሹን በድንገት «እርስዎ» ያለበት ቀን፣ ሁለት ወጣቶች ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተሻገሩበት ቀን፣ እያንዳንዳቸው የምዕራፍ መዞሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ረቂቅዎን ሲያርሙ በየንግግሩ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ደራሲው ሳያስበው አንዱ ገጸ ባሕርይ በአንድ ውይይት ውስጥ ሦስት ዓይነት አጠራር ሲጠቀም ይገኛል።

በንግግር መጨረሻ የሚመጣውን «አለ» እና «አለች» ለማስጌጥ መሞከርም የተለመደ ስሕተት ነው። «ሲል በቁጣ ገነፈለ»፣ «ስትል በሐዘን ተውጣ ተናገረች» የሚሉት አንባቢውን ከንግግሩ ያዘናጉታል። ቁጣው በንግግሩ ውስጥ ካለ «አለ» ይበቃል፤ ከሌለም «ገነፈለ» የሚለው ቃል አያመጣውም። ለስሜትም እንደዚሁ ነው። «አልማዝ በጣም አዘነች፤ ልቧ ተሰበረ» ከሚለው ይልቅ «አልማዝ የታጠበውን ስኒ ደግማ አጠበችው» የሚለው ሐዘኑን አንባቢው በራሱ እንዲደርስበት ያደርጋል።

ስለ ሐዋሳ ለሚጽፍ ሰው አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በዚህች ከተማ አማርኛ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛ ይሰማል። አማርኛን አፉን ያልፈታበት ሰው ሲናገር ጾታ እያዛነፉና ቃል እያጎደሉ ማሳቅ ለአንዳንድ ጸሐፊዎች ቀላል መንገድ ሆኗል፤ እኔ ይህንን እንደ ጥበብ ጉድለትም እንደ ንቀትም እቆጥረዋለሁ። ሰውየው በራሱ ቋንቋ ጠቢብ ነው፤ ሐሳቡን በሙሉ አማርኛ ይስጡትና ልዩነቱን በዓረፍተ ነገሩ አካሄድ፣ በምሳሌዎቹና በሚመርጣቸው ነገሮች ያሳዩ። የአንድ ሲዳማ ሽማግሌ ንግግር «አፊኒ» ብሎ ቢጀምር፣ ትርጉሙ «ሰማችሁ ወይ?» መሆኑን ከተሰብሳቢዎቹ ምላሽ አንባቢው ይረዳዋል፤ በዚያ አንድ ቃል የንግግር ሥርዓቱ ሁሉ ይገባል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ ቃሉን ወደ ግእዝ ፊደል ሲያመጡት የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው አንብቦ ያርምልዎ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላም ቀን ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በዓሉ በተቆረጠ ቀን የሚውል አይደለም፤ አያንቶዎቹ ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት ነው።

ሐይቁንም ቢሆን እንደ ጎብኚ አይጻፉት። የፀሐይ መጥለቂያው ውበት በፎቶግራፍ ሁሉ ላይ አለ። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች የሚጥሉትን እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ የሚቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ለመግባት ገና ሳይነጋ የሚሰለፉት ሴቶች፣ ዝናብ ሲመጣ የታቦር ተራራ ቀስ በቀስ መሸፈኑ፣ እነዚህ እዚህ የኖረ ሰው ብቻ በቦታቸው የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ከእነዚህም የሚገባው ገጸ ባሕርይው በዚያ ቅጽበት የሚያየው ብቻ ነው።

«ጥሩ ነው፣ በርታ»

ረቂቅዎን ለወዳጅ ሲሰጡት የሚመለስልዎ መልስ ይህ ነው። ወዳጅዎ አልዋሸም፤ ተጨንቆልዎ ነው። ስለዚህ «እንዴት አገኘኸው?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ይሉኝታን ይጋብዛል። በምትኩ ሐሰት ለመናገር የማያመቹ ጥያቄዎችን ያቅርቡ። የትኛው ገጽ ላይ አቁመህ ሌላ ሥራ ሠራህ? የማንን ስም ረሳህ? ማንን ጠላህ? መጨረሻው ከመድረሱ በፊት ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? ሦስት ሰዎች ተለያይተው አንድ ገጽ ላይ እንዳቆሙ ከነገሩዎት፣ ምክንያታቸው የተለያየ ቢሆንም ጉድለቱ እዚያ አካባቢ አለ። ለመጀመሪያ አንባቢዎችዎ የሚሰጡትም የታተመ ወረቀት ይሁን፤ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ መጽሐፉን ሳይታተም መልቀቅ ሊሆን ይችላል።

ከወዳጆች በኋላ ተከፍሎት የሚሠራ አርታኢ ያስፈልጋል። ዘመድ የሆነ የአማርኛ መምህር ፊደል ያርምልዎታል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ በሙሉ ይውጣ ለማለት ግን ይከብደዋል። የተከፈለው ሰው ይናገራል። የፊደል አጠቃቀምንም ከአርታኢው ጋር አስቀድመው ይወስኑ፤ በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ መካከል የትኛውን የት እንደሚጠቀሙ በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ። አንባቢ የገጸ ባሕርዩን ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ሲያይ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ሲተይቡም በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ይተይቡ፤ በቀድሞዎቹ የግእዝ መተየቢያዎች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ትርጉም አልባ ምልክት ይለወጣል፤ እኔም አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ምክንያት እንደገና ተይቤአለሁ።

ኅትመትና ሒሳብ

በማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ሉህ በሁለት ጎኑ ታትሞ ሲታጠፍ በተለመደው የልብ ወለድ መጠን 16 ገጽ ይሰጣል። 240 ገጽ ማለት 15 ሉህ ነው። መጽሐፍዎ 246 ገጽ ከሆነ ግን 16ኛ ሉህ ይጀምራል፤ ስድስት ገጽ ለማተም የሙሉ ሉህ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ስንት ገጽ በአንድ ጊዜ እንደሚያትም ጠይቀው፣ ወይ በመቁረጥ ወይ የፊደሉን መጠን በጥቂቱ በማስተካከል ወደ ቅርቡ ልክ ያድርሱት። የሽፋኑን ጀርባም በታላላቅ ሰዎች ምስጋና አይሙሉት። ማን ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚከለክለው የሚናገሩ ሰባት ስምንት መስመሮች፣ በአዟሪው ፊት ቆሞ መጽሐፉን የሚያገላብጠውን ሰው ከየትኛውም ምስጋና ይበልጥ ይይዙታል።

ከማሳተምዎ በፊት ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት 13 አኃዝ ያለውን ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ይውሰዱ። የቅጂ መብትዎ ግን ምዝገባ አይጠብቅም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ሥራው ሲፈጠር የሚገኝ ሲሆን፣ ኢኮኖሚያዊ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። አንድ ሰው መጽሐፉን በድምፅ ልተርከው፣ ወደ ፊልም ልለውጠው ወይም ልተርጉመው ቢልዎ እያንዳንዱ የተለየ መብት መሆኑን ያስታውሱ፤ ለየትኛው፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። ጠያቂው የቅርብ ወዳጅ ሲሆን ውሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ወዳጅነቱም የሚጠበቀው በዚያ ነው።

አሁን ስለ ብዛቱ። የመጀመሪያውን መጽሐፌን 3,000 ቅጂ ያሳተምሁት «በአንድ ሺህ የሚጀምር ደራሲ በራሱ አያምንም» የሚል ቃል ሰምቼ ነው። በካርቶን የቀረውም በዚያ ምክንያት ነው። ለስሌት ያህል የአንዱ ቅጂ ወጪ 200 ብር፣ የመሸጫው ዋጋ 400 ብር፣ አከፋፋዩ የሚቀንሰው 40 በመቶ ነው እንበል። 1,000 ቅጂ 200,000 ብር ይፈጃል። ሁሉንም በአከፋፋይ የሚሸጥ ሰው ከአንዱ 240 ብር ስለሚያገኝ ወጪውን ለመመለስ 834 ቅጂ መሸጥ አለበት። 300 ቅጂ በራሱ እጅ የሸጠ ሰው ግን 120,000 ብር ይዞ ስለሚነሣ፣ የቀረውን 80,000 ብር ለማግኘት በአከፋፋይ 334 ቅጂ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ላሳትም?» ከመሆኑ በፊት «በእጄ ስንት መሸጥ እችላለሁ?» ነው። መልሱን በቁና ሳይሰፍሩ ስም በስም ይጻፉት፤ ዝርዝሩ 80 ሰው ላይ ካለቀ የኅትመቱ ቁጥርም በዚያው ልክ ይነስ።

በእጅ መሸጥ ለብዙዎቻችን ከመጻፍ የከበደ ነው። ዘመድ መጽሐፉን ሲያይ «የኔስ?» ይላል፤ ስጦታ መጠየቁ ነው። እኔ ከመጀመሪያው መጽሐፍ 200 የሚሆን ቅጂ በዚህ መንገድ ሰጥቻለሁ፤ ከተቀበሉት መካከል አንብበው የነገሩኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለሁለተኛው ጊዜ አስቀድሜ 30 ቅጂ ለስጦታ ለይቼ፣ የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም ጻፍሁ፤ ለሌላው ሁሉ «የስጦታው አልቋል፣ ይህ የሽያጩ ነው፣ ለእርስዎ ግን ፈርሜ እሰጥዎታለሁ» አልሁ። የተቀየመ ሰው አላየሁም። ከፍሎ የወሰደ ሰው ደግሞ ያነብበዋል።

የመጽሐፍ ምረቃም የይሉኝታ መድረክ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። አራት ሰዎች ስለ ደራሲው ልጅነት የሚናገሩበት፣ ደራሲው ግን አንድ ገጽ የማያነብበት ምረቃ ላይ የሚገዛው እንግዳ የሚገዛው ለደራሲው ክብር ነው፤ መጽሐፉን ለሌላ ሰው አይነግርም። ንግግሩን ወደ አንድ ሰው ቀንሰው እርስዎ ዐሥር ደቂቃ ያንብቡ፤ ያነበቡትም አንድ ነገር ሊፈጸም ሲል ያቋርጡት። ጊዜውንም ይምረጡ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ብዙ እንግዳ ወደ ሐዋሳ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ተማሪውና መምህሩ ዕረፍት ላይ ናቸው። መስከረም ግን የወላጅ ኪስ ለደብተርና ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈትበት ወር ነው፤ ልብ ወለድን በዚያን ጊዜ ማውጣት አይመከርም።

በቴሌግራም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች በጽሑፍም በድምፅዎም ያውጡ፤ ከሁለተኛው መጨረሻ ላይ ዋጋውን፣ በቴሌብር መክፈል እንደሚቻልና መጽሐፉ በሌላ ከተማ ለሚገኝ ሰው በአውቶቡስ እንደሚላክ ይጻፉ። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ በነጻ ሲሰራጭ ካገኙት ለቻናሉ ባለቤት በትሕትና ይጻፉ፤ እንቢ ካለ ለቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ያቅርቡ። ቀንዎን ሁሉ ግን በዚህ አያሳልፉ፤ የንጋቱ ሰዓት የሚቀጥለው መጽሐፍ ነው።

ለመጻሕፍት መደብር በአደራ የሚሰጡትን ሁሉ በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ያስረክቡ፤ የተሰጠው ብዛት፣ የቅናሹ መጠንና ሒሳብ የሚደረግበት ቀን ይኑርበት። እኔ ለአንድ መደብር 150 ቅጂ በቃል ብቻ ሰጥቼ፣ ባለቤቱን ለመጠየቅ አፍሬ ስምንት ወር ቆየሁ፤ በመጨረሻም ስንት እንደ ተሸጠ እርሱም እኔም የምናውቀው ነገር አልነበረም። አሁን በየሁለት ወሩ በተጻፈው ቀን እሄዳለሁ፤ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ደብተሬን አውጥቼ፣ የቀረውን በመደርደሪያው ላይ ቆጥሬ፣ የተሸጠውን ገንዘብ ተቀብዬ እፈርማለሁ። ባልተሸጠበት መደብር ያለውን ወደሚሸጥበት አዛውራለሁ። ሰው በቀጠሮው ሲመጣበት አይቀየምም፤ ስምንት ወር ዝም ብሎ በንዴት ሲመጣበት ነው የሚቀየመው።

ከኅትመቱ አንድ ቅጂ ለይተው በላዩ ላይ «ማረሚያ» ብለው ይጻፉበት። አንባቢ የሚነግርዎትን የፊደል ግድፈት፣ የተምታታ ቀን፣ የተሳሳተ የሰፈር ስም ሁሉ በዚያው ገጽ ላይ በቀይ ብዕር ያስገቡት፤ የነገረዎትንም ሰው ስም በዳሩ ያኑሩ። ሁለተኛው ኅትመት ሲደርስ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት የሚከፍቱት መጽሐፍ እርሱ ነው፤ መጽሐፉ በታረመ መልኩ መውጣቱን አስቀድመው የሚያስታውቋቸው ሰዎችም በዳሩ ላይ ስማቸው ያለው ናቸው።